ድልድዩን የተሻገረው ሽጉጥህ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኖቬምበር 19 ቀን 2011

ለምወድህ ባለቤቴ ለፀሐዩ፤

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ስለ ጤናህና ስለ አቧራው ጠይቄ፣ ትንሽ ወግ አውግቼህ፣ ቀስ ብዬ ወደ ነገሩ ልገባ ነበር ያሰብኩት፤ ቁጣዬ ቀደመኝ። ስለዚህ የዛሬው ሰላምታ አጭር ነው፤ ይቅር በለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ሄለንም ደህና ናት፤ ሪችመንድ ትምህርቷን ትማራለች። ወንድምህ ጋሽ ወንድሜነህም ትናንት ከፍርድ ቤት በሰላም ወጥተው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ገብተዋል። ይህን ከእኔ መስማትህ ራሱ ያናድደኛል። ስልኩን አንስተህ ቢሆን ከራሳቸው አፍ ትሰማው ነበር።

ኢሜይል ያላደረግኩት አውቄ ነው። ኢሜይል ስልክልህ የመጀመሪያውን መስመር አንብበህ «ኦኬ፣ ቢዚ ነኝ፣ በኋላ እናወራለን» ነው መልስህ። ወረቀት ከሆነ ቢያንስ አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ ብዬ ነው። ካንዳሃር ድረስ የደረሰህ ወሬ ብዙ አፍ አልፎ፣ በየአፉ ቅመም እየተጨመረበት እንደመጣ አውቃለሁ። እኔ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ጭምር። የምታውቀውን እንዳላወቅህ መሆን ጀምረሃልና።

ሽጉጡን የገዛኸው አንተ ነህ። ለአፍጋኒስታኑ የኮንትራት ሥራ ሻንጣህን ስታዘጋጅ አንድ ቅዳሜ ይዘኸው መጣህና «ቤት ውስጥ ወንድ ከሌለ ብረት ይኑር» አልከኝ። አልፈልግም አልኩህ። ሳቅክብኝ። ከቁም ሣጥኑ ላይኛ መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ አኖርከው፤ ጥይቱም እዚያው አጠገቡ፤ ቁልፍ የለው፣ ሣጥን የለው። ሄለን ያኔ ገና ሃይስኩል ነበረች። እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት ባዶ እንደሚደረግ አንድ ነገር ሳታሳየኝ ተሳፈርክ። ለአንድ ዓመት ብቻ ያልከው ሥራ ይኸው እየታደሰ እየታደሰ እዚህ ደረሰ። እኔም ያንን ቁም ሣጥን ስከፍት ፊቴን አዙሬ ነበር ብርድ ልብስ የምስበው። ውስጡ እባብ የተኛበት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ባለፈው ዓመት ማርች ላይ የሆነብኝ ሆነ። ጋዝ ስቴሽኑን ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። ገና ጎህ ሲቀድ በሩን እየከፈትኩ ሳለ ከጎማ መንፊያው በኩል አንድ ሰው መጥቶ ከኋላዬ ገፈተረኝ። በያዘው የጎማ መፍቻ ክንዴን መታኝ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። የሚፈልገውን ወስዶ እኔን መጠጥ የምናቀዘቅዝበት ክፍል ውስጥ ቆልፎብኝ ሄደ። አብሮኝ የሚሠራው አምሃ ተራው ደርሶ ሲመጣ ነው ከሶዳው ካርቶን መሐል ጥርሴ እየተንገጫገጨ ያገኘኝ። ዘመድ ያልሆነው አምሃ እስከ ዛሬ ያችን ጠዋት ሲያነሣ ድምፁ ይቆራረጣል።

ከሆስፒታል ደወልኩልህ። ከአንተ አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። አንተ «አይዞሽ፣ ጌታ አለ» አልክ። ቀጥለህም «ደግሞ ምን ያስፈራሻል፣ ቤት ውስጥ ሽጉጥ አለ አይደል?» አልከኝ። ያኔ አልመለስኩልህም። ዛሬ ልመልስልህ፤ አዎ፣ ቤት ውስጥ ሽጉጥ አለ። እኔ ግን የተመታሁት ቤት ውስጥ አይደለም።

እጄ ከጀሶ ሲወጣ አንዲት የጋዝ ስቴሽኑ ደንበኛ ለሴቶች ብቻ ተኩስ የምታስተምር ሰው እንዳለች ነገረችኝ። ቲና ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች ፖሊስ ናት፤ ወፍራም መነጽር ታደርጋለች፣ ስትናገር ትቆጣለች፣ ስትቆጣ ግን «ሃኒ» ሳትል አትጨርስም። በመጀመሪያው ቀን ጥይት አላስነካችንም። ባዶውን ሽጉጥ እንደ ጎረሰ ቁጠሩት፤ አፈሙዙ ልታጠፉት ወደማትፈልጉት ነገር አይዙር፤ ኢላማው ላይ እስክታነጣጥሩ ጣታችሁ ምላጩን አይንካ። ይህንኑ ስትደጋግምብን ዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያውን ጥይት ስተኩስ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የጋለው ቀለህ ተፈናጥሮ በሸሚዜ አንገት ገብቶ ደረቴን ሲያቃጥለኝ እሪ አልኩ። ቲና ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ትከሻዬን ያዝ አደረገችና «እየተቃጠልሽም አፈሙዙን ወደ ሰው አላዞርሽም። ኢላማውን ሌላ ቀን ትመቺዋለሽ፣ ሃኒ» አለችኝ።

መታሁትም። ይህን ለአንተ መንገር ለምን እንደሚያሳፍረኝ አላውቅም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ባሉ ይኮራባት ነበር። ዓይኔን ጫፉ ላይ ካለችው ማነጣጠሪያ ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን በግማሽ ለቅቄ፣ ምላጩን ቀስ እያልኩ ስጨምቀው ሐሳብ የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ይወጣል። የቤት ኪራዩ የለም፣ የሱቁ ሒሳብ የለም፣ ያ ሰውዬ የለም። ወረቀቱ መሐል ላይ ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው አንድ ላይ ሲገጥሙ ሳይ እንደ ልጅ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መልስ እዚያ ነኝ። የምቆልፍበት ጠንካራ ሣጥን ገዛሁ፤ ትምህርቱን ጨረስኩ፤ ለአሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት አመልክቼ ልብስ ሥር ደብቆ የመያዝ ፐርሚቱን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ስቴሽኑን ስከፍት በቆዳ ማህደሩ ወገቤ ላይ አለ። አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም። ማንም አይቶት አያውቅም። ጎማ መንፊያው ጋ ሰው ቆሞ ሳይ እግሬ አይያዝም፤ ለእኔ ጥቅሙ ያ ነው።

እና እንዴት ታወቀብኝ? ሕግ ስላከበርኩ! በአምልኮ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሣሪያ ይዞ መግባት እዚህ ያስጠይቃል። ስለዚህ እሑድ ከሥራ በቀጥታ ስመጣ መኪናዬ ውስጥ ባለው ሣጥን ቆልፌው እገባለሁ። ሴፕቴምበር ላይ አንድ እሑድ ልሳነወርቅ በመስኮቱ አየችኝ። ከመዘምራን ጋር የምትቆመዋ ልሳነወርቅ። ወገቤ ላይ እንደያዝኩት ብገባ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። እሷም መጥታ «እህቴ፣ ምንድን ነው?» ብላ አልጠየቀችኝም። ስብከቱ ሳያልቅ ለእትዬ ጌጤነሽ ነገረቻቸው፤ እትዬ ጌጤነሽ ለባላቸው፤ ጋሽ ወንድሜነህ ለአንተ። አንተስ? አንተም አልጠየቅከኝም። ሚስትህ ለምን ሽጉጥ ታጠቀች ብለህ ራስዋን ሚስትህን መጠየቅ ምን ይከብዳል? ታላቅ ወንድምህን «ሂዱና ተቀበሏት» አልካቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁለቱም ቤቴ መጡ። ምግብ አቅርቤ እትዬ ጌጤነሽ እጃቸውን ሳይሰዱ ቀሩ። ጋሽ ወንድሜነህ ግን በላ በላ አድርገው አፋቸውን ጠረጉና፣

«ብሩክታይት፣ የመጣሁበትን ታውቂያለሽ። ፀሐዩ አዞኛል። ያንን ነገር አምጪልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለኝ። ሕጋዊ ነው» አልኳቸው።

«ስለ ሕግ አልጠየቅሁሽም። የኛ ቤት ሴት ታጥቃ ስትዞር ሰው ምን ይላል? ደሞ ምን ጎድሎሽ ነው?»

«ክንዴ ሲሰበር ሰው ምን እንዳለ አልሰማሁም» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

እሳቸው ስልካቸውን አወጡ። አንተ ነበርክ። ስፒከር ላይ አደረጉህና ጠረጴዛው ላይ፣ ከወጡ ሳህን አጠገብ አስቀመጡህ። ያልኩትን ታስታውሳለህ? ካላስታወስክ ላስታውስህ። «ፀሐዩ፣ የእኔ ፐርሚት ቨርጂኒያ ላይ ነው የሚሠራው። ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ከገባ ወንጀል ነው። ጋሼ ቢያዙ ይታሰራሉ። ግሪን ካርድ ላይ ናቸው፤ በሽጉጥ ከተፈረደባቸው አገራቸው ሊመልሷቸው ይችላሉ» አልኩህ። በእነዚሁ ቃላት። አንተ ሳቅክ። «አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ? ስጫቸውና ይብቃ» አልክ። ያንተ ነው፣ ያንተ ንብረት ነው። ተነሣሁ።

የጥይት ካዝናውን አውጥቼ፣ ቃታውን ወደ ኋላ ጎትቼ፣ ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው። ሽጉጡን በፕላስቲክ ሣጥኑ ቆለፍኩት፤ ጥይቱን ለብቻው በሌላ ከረጢት። «ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬ አይውሰዱት። ነገ አብረን ፈቃድ ያለው ሻጭ ጋ እናስቀምጠው። እምቢ ካሉ እንኳ እንደተቆለፈ ትራንክ ውስጥ ይሁን» አልኳቸው። እሳቸው «ሕጻን አደረግሽኝ እኮ! እኔ ብሔራዊ ውትድርና ስዘምት አንቺ ገና አልተወለድሽም» አሉና ወጡ። ተወልጃለሁ። አልመለስኩላቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እትዬ ጌጤነሽ ናቸው የነገሩኝ። መኪናው ውስጥ ሲገቡ ጋሼ ሣጥኑን ከፈቱት። የድሮ ወታደር አይደሉ? ካዝናውን አጎረሱት። «ተለያይቶ እንዳይጠፋ» ብለው ከመቀመጫቸው ሥር ሸጎጡት። ድልድዩን ተሻገሩ፣ የቤልትዌዩን አውራ ጎዳና ጨረሱ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቤታቸው ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው የኋላ መብራታቸው ስላልበራ ፖሊስ አስቆማቸው። ልጅ እግር ፖሊስ ነው፤ በትሕትና መኪና ውስጥ መሣሪያ አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ በዕድሜያቸው ዋሽተው አያውቁም። «አዎ፣ የወንድሜ ሽጉጥ አለ፤ እዚህ ሥር» ብለው ሊያሳዩት ጎንበስ አሉ። ጎንበስ አሉ፣ ፀሐዩ! ያ ፖሊስ የራሱን መዝዞ ሲጮህባቸው፣ እትዬ ጌጤነሽ እጃቸውን አንስተው «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ሲሉ፣ ከሞት የለያቸው አንዲት ቅጽበት ብቻ ናት። ጎረቤት በመስኮት እያየ ታላቅ ወንድምህን እጃቸውን ወደኋላ አስረው ወሰዷቸው። የስልሳ ዓመት ሰው፣ ስኳር በሽተኛ፣ የእሑድ ሱፋቸውን እንደለበሱ።

እትዬ ጌጤነሽ ወዲያው ደወሉልኝ። «ብረትሽ ባሌን አሳሰረብኝ!» ነበር ያሉት። ብረትሽ። ወስደው ሲወጡ የፀሐዩ ነበር፤ ፖሊስ ሲይዘው የእኔ ሆነ።

በማግስቱ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ተለቀቁ። የቀጠሩት ሎየር ግን እኔ የፈራሁትን አረጋገጠ፤ ከተፈረደባቸው ጉዳዩ ኢሚግሬሽን ጋ ይሄዳል፣ እዚህ አገር የመኖራቸው ነገር ያበቃል። ልጆቻቸው እዚህ፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚሁ ጀርመንታውን፣ መድኃኒታቸው እዚህ። በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ተጠራሁ። አንተም በስልክ ነበርክ፤ ያን ቀንም ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥክ። ያልከውን እኔ ልጻፈው፤ አንተ በኋላ እንደዚያ አላልኩም ስላልክ። «ብሩክዬ፣ አንቺ ሲቲዝን ነሽ። ሽጉጡ የኔ ነው፣ መኪናቸው ውስጥ ረስቼው ነው፣ እሳቸው አያውቁም በይ። አንቺን ቢበዛ ይቀጡሻል እንጂ የትም አይሰዱሽም።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። እትዬ ጌጤነሽ ከሶፋው ወርደው እግሬ ሥር ሊንበረከኩ ሲሉ ያዝኳቸው። አልዋሽህም፣ እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዳኛ ፊት እጄን አንስቼ ምዬ መዋሸት፣ ፐርሚቴን መነጠቅ፣ ወንጀለኛ ተብዬ ከሥራ መባረር፣ ይህን ሁሉ ለእኚያ ሴት እንባ ብዬ ልውጠው ነበር። ያደማኝ ግን ቃልህ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ሳትል በቀጥታ ወደ እኔ መጣህ።

ያን ጊዜ ጋሽ ወንድሜነህ ተነሡ። ከታሰሩ ወዲህ ከእኔ ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ጫማቸውን አላደረጉም፤ በካልሲ ቆመው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ፀሐዩ፣ ስማኝ» አሉ። «ይህች ልጅ ነግራኛለች። አይውሰዱት አለችኝ፣ ቆልፋ ሰጠችኝ፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሴት ስለሆነች አልሰማኋትም። አሁን ደግሞ በእኔ ፋንታ ትዋሽልኝ? አላደርገውም። አገሬ ቢመልሱኝም አላደርገውም። አንተም ሰምተሃል፤ ስፒከር ላይ ነበርክ።»

ጋሼ ቀጠሉ፣ «ሎየሩ የሚፈልገው ያንተን ቃል ነው። ሽጉጡ የኔ ነው፣ እንዲያስቀምጥልኝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለህ ፈርመህ ላክ። እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ወንድም እንደያዝኩት ይወቁልኝ።»

«ጋሼ፣ እዚህ እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ስሜ ከተነሣ ሥራዬን...» አልክ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ተቆረጠ ብለህ በኋላ ጽፈሃል፤ እሺ፣ ይቆረጥ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታትም ሁሉ መስመር ተቆርጦ ነበር? ሄለን የተወችልህ መልእክትስ? ሎየሩስ የላከልህ? ልጅህ ትናንት ፍርድ ቤት ልታጅበን ከሪችመንድ ነድታ መጥታ ኮሪደሩ ላይ «ማም፣ ዳድ ስልኩን ለምንድን ነው የማያነሣው?» ስትለኝ ምን ልበላት? ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። እኔንም አንድ ውሸት አስዋሸኸኝ ማለት ነው፤ ለዳኛ ሳይሆን ለልጄ።

ሮክቪል ፍርድ ቤት አብረን ገባን። ሎየሩ ከዐቃቤ ሕግዋ ጋር ሲነጋገር እኔን አስጠራኝ። ሴትየዋ ፊቷ ደረቅ ያለ ነው፤ ፈርቼ ነበር። ግን የማውቀውን አንድ ባንድ ነገርኳት። ማን እንደገዛው፣ እኔ ለምን እንደያዝኩት፣ ፐርሚቴን አሳየኋት፣ ቲና ስለ እኔ የጻፈችውንም ሰጠኋት፤ ቆልፌ እንዴት እንደሰጠኋቸው፣ ምን ብዬ እንዳስጠነቀቅኳቸው። «ታዲያ ለምን አልሰሙሽም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጋሼ በአስተርጓሚ ሲሰሙ ቆይተው ከእኔ በፊት በራሳቸው እንግሊዝኛ «ቢኮዝ አይ አም ኦልድ ፉል» አሏት። ሴትየዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። ፖሊሱም ሲጠይቃቸው እውነቱን እንደነገሩት፣ አንዳች እንዳልደበቁት መሰከረላቸው።

ክሱን ወደ ጎን አስቀመጡት። ፍርድ የለም፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለትም የለም። ጋሼ ለተወሰነ ጊዜ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሠራሉ፤ ሌላ ጥፋት ካልተገኘባቸው በዚያው ይዘጋል። ሎየሩም በዚህ አገር ከመኖር የሚያግዳቸው ነገር የለም ብሏል። ሽጉጥህ ግን አይመለስም፤ ይጠፋል። እትዬ ጌጤነሽ ኮሪደሩ ላይ አንገቴን አቅፈው ብዙ አለቀሱ፤ ስለ ስልኩ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም ይቅር ብያቸዋለሁ። ልሳነወርቅን ገና ነኝ፤ ጌታ ይርዳኝ።

ወጥተን መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ ጋሼ እኔን ለብቻዬ ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። ስለ ፍርድ ቤቱ ያወሩኛል ብዬ ነበር። «ብሩክታይት፣ ወንድሜ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ኮንትራቱ ሲያልቅ አልኳቸው። «መች ነው የሚያልቀው?» አሉ። አላውቅም አልኩ። የኮቴን አንገት እንደ ልጃቸው አስተካከሉልኝና ወደ መኪናቸው ሄዱ። እስከ ቨርጂኒያ ድረስ እየነዳሁ ያ ጥያቄያቸው አብሮኝ መጣ።

አሁን ምን እንድትል እንደምፈልግ ትጠይቀኝ ይሆናል። ምንም። ያ ሁሉ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ከካንዳሃር ድረስ ድምፅህ ሊገዛኝ ሲመጣ ጠርቶ ይሰማ ነበር፤ ሊያድነን ሲፈለግ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ይህ ያቃጥለኛል። አንተም ባለፉት ሁለት እረፍቶችህ ሥራ ያገናኘህን ሰዎች ለማየት ዱባይ መሄድ ግድ ሆኖብህ ነበር፤ እሺ ብያለሁ። ስለዚያ ዛሬ አልጠይቅህም። ደክሞኛል።

ዛሬ ጠዋት ቲና ጋ ሄጄ የራሴን ሽጉጥ መረጥኩ። ካንተው ትንሽ አነስ ይላል፤ እጄ ላይ በደንብ ይቀመጣል። በስሜ ነው። የገዛሁት እኔ፣ ኃላፊነቱም የእኔ፤ ከእንግዲህ ማንም በስልክ «ስጫቸው» የሚለው ነገር አይደለም። በመጪው ቅዳሜ የተኩስ ክለቡ ውስጥ የሴቶች ውድድር አለ፤ ተመዝግቤያለሁ። አምሃ ፈረቃዬን ሊይዝልኝ ቃል ገብቷል። ሄለንም ልታይ ትመጣለች። ብታምነኝም ባታምነኝም ጋሽ ወንድሜነህ እኔም ልምጣ ብለዋል።

ስኳሩ ለሻይህ ብቻ ይሁን፤ ብዙ አትጨምር። የላክሁልህን ቅባት ለቆዳህ ተቀባ፤ በዚያ ፀሐይ ፊትህ ይሰነጠቃል። በምትሠራበት ሁሉ ክፉ አይንካህ፤ ከመንገድ ላይ ፈንጂ፣ ከሰማይ ላይ ከሚወርደው ሁሉ ጌታ በእጁ ይሸፍንህ። በየማለዳው ስምህን ጠርቼ እጸልያለሁ፤ ተቆጥቼም ቢሆን።

አንድ ነገር ግን አደራ። የምትመጣ ከሆነ ቀድመህ ደውል። ቁልፍ አለኝ፣ ላስደንግጣት ብለህ ድንገት በሩን ከፍተህ እንዳትገባ። ለአንተው ብዬ ነው። አሁን በር ሲከፈት መጀመሪያ የማስበው አንተን አይደለም።

ብሩክታይት